ንጉሥ የሌላቸው መካሪ

አባቶቻችን «መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላሉ። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየስብሰባውም ስንጠቅሰው ኖረናል። አንድ ነገር ግን ልብ ያልነው አይመስለኝም። ተረቱ የተነገረው ለንጉሥ ነው። አንድ ዙፋን አለ፣ አንድ ጆሮ አለ፣ መካሪው ወደዚያ ጆሮ ጠጋ ብሎ ይናገራል። ንጉሡ ከሰማ ሰማ፤ ካልሰማም ዓመት ሳይሞላው ይወድቃል። ንጉሥ በሌለበትስ? ሁሉም አባል፣ ሁሉም ባለ አንድ ድምፅ በሆነበት በዕድር፣ በወጣቶች ክበብ፣ በተማሪዎች ማኅበር ውስጥ መካሪ የሚባለው ሰው ማንን ነው የሚመክረው? በማንስ ጆሮ ነው የሚያንሾካሹከው?

በአገራችን ለዚህ ጥያቄ ቶሎ የተገኘው መልስ «የበላይ ጠባቂ» የሚባለው ሹመት ነው። ማኅበር ሊቋቋም ሲታሰብ ማኅተም ከመቀረጹ በፊት የበላይ ጠባቂ ይፈለጋል። አንድ ዘመን ልዑል ወይም ራስ ነበር፤ በሌላ ዘመን ሚኒስትር ወይም ሊቀ መንበር ሆነ፤ ቀጥሎ ደግሞ ባለሀብቱ ተተካበት። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ «የበላይ» ነው፣ «ጠባቂ» ነው። ከምን እንደሚጠብቅ ግን አይነገርም። አንዳንዴ ማኅበሩን ከጠላት ይጠብቃል፤ አንዳንዴም ማኅበሩን ከራሱ ከአባላቱ። እኔ በልጅነቴ አባል በነበርኩበት የተማሪዎች ክበብ ተጠሪ የነበሩት መምህር ቃለ ጉባኤውን ከስብሰባው በፊት ጽፈውት ይመጡ ነበር። እኛ ተሰብስበን፣ ተከራክረን፣ እጅ አውጥተን ስናበቃ የወሰንነው ነገር አስቀድሞ በካርቦን ተገልብጦ ይጠብቀናል። ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጆቹ እንዳይሳሳቱ ብለው ነው።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ስለነበሩ አንዲት ሴት ነው። ኤላ ቤከር ይባላሉ፤ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። የማርቲን ሉተር ኪንግን ስም ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። የኤላ ቤከርን ስም የሰማ ግን ብዙ አይደለም፤ ይህም በከፊል ራሳቸው የመረጡት ነገር ነው። (የአሜሪካኑን ታሪክ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ወደ አገራችን ስመለስ ዓ.ም. እላለሁ።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የምሳ ባንኮኒ ነው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 በሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ በምትባል ከተማ አራት ጥቁር የኮሌጅ ተማሪዎች ዉልዎርዝ ወደሚባል መደብር ገቡ። ጥቂት ዕቃ ገዙ፤ ለዕቃው ገንዘባቸውን ያለ ችግር ተቀበሏቸው። ከዚያ ለነጮች ብቻ በተከለለው ባንኮኒ ተቀምጠው ቡና አዘዙ። አናስተናግድም ተባሉ። እነሱም አንነሳም አሉና መደብሩ እስኪዘጋ ተቀመጡ። በማግሥቱ ሌሎች ተማሪዎች ተጨምረው መጡ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ነው። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከሃምሳ በላይ በሆኑ የደቡብ ከተሞች ተማሪዎች ባንኮኒ ላይ እየተቀመጡ በፖሊስ እየተጎተቱ ይወጡ ነበር። ወላጅ አላዘዛቸውም፤ ቄስ አላዘዛቸውም፤ የኮሌጅ ፕሬዚዳንቶችማ አብዛኞቹ ፈርተው ነበር።

ታላላቆቹ ድርጅቶች ደነገጡም፣ ደስም አላቸው። መቼም እንዲህ ያለ ጉልበት በድንገት ሲፈልቅ «የኔ ነው» የማይል የለም።

ኤላ ቤከር ያን ጊዜ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሴት ነበሩ። አትላንታ በሚገኘው በዶክተር ኪንግ ድርጅት፣ በደቡብ ክርስቲያን መሪዎች ጉባኤ ውስጥ የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚያንቀሳቅሱት እሳቸው ነበሩ። በ1958 መጀመሪያ ወደዚያ ሲሄዱ ጽሕፈት ቤት የሚባል ነገር ስላልነበረ ሥራውን የጀመሩት ከሆቴል ክፍልና ከሕዝብ ስልክ ነው። በኋላ የሥራ አስኪያጅነቱን ወንበር በተጠባባቂነት ያዙት፤ አልጸደቀላቸውም። ድርጅቱ የወንድ ሰባኪዎች ድርጅት ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ሴት ናቸው፣ ሰባኪም አይደሉም፣ በዚያ ላይ ሲያዩት ያልወደዱትን ነገር ዝም ብለው አያልፉም።

ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ይጠቅማል። በ1903 ቨርጂኒያ ውስጥ ኖርፎክ ተወለዱ፤ ያደጉት ግን ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሊትልተን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አያታቸው በባርነት የተወለዱ ሴት ነበሩ፤ ጌታቸው የመረጠላቸውን ሰው አላገባም በማለታቸው ተቀጥተዋል። ልጅቷ ኤላ ይህን ታሪክ ከአያቷ አፍ እየሰማች ነው ያደገችው። ራሊ ከተማ ሻው በሚባለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ስትማር ደግሞ ሴት ተማሪዎች የሐር ስቶኪንግ እንዳያደርጉ የሚከለክል ደንብ ነበር። ኤላ የሐር ስቶኪንግ መግዣ ገንዘብ አልነበራትም። ያላቸው ልጃገረዶች ግን ለመናገር ፈሩ፤ አቤቱታውን ያቀረበችው የሌላት ልጅ ሆነች። ይህችን ትንሽ ታሪክ እወዳታለሁ። ለራስ የማይጠቅም ነገር ለሌላው ብሎ መጠየቅ የመካሪነት ፊደል ሀ ይመስለኛል።

በ1927 ከክፍላቸው አንደኛ ወጥተው ተመረቁና ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ጥቁር ወጣቶች የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ሲያስተባብሩ ቆዩ። ከ1940 ጀምሮ ደግሞ አንጋፋው የጥቁሮች መብት ማኅበር ቀጥሯቸው በአውቶቡስና በባቡር ደቡቡን ዞሩ። በየከተማው የሚያርፉት በአባላት ቤት ነው፤ ከፀጉር ቤቱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከቀብር ማኅበሩ ሰው ይለቅማሉ። በየመንደሩ ማን ደፋር እንደሆነ፣ ማን አፈኛ ብቻ እንደሆነ፣ በመከራ ቀን በሩን የሚከፍት ማን እንደሆነ ያውቃሉ። በኋላ የቅርንጫፎች ኃላፊ ሆኑ፤ በ1946 ለቀቁ። ቅሬታቸው ግልጽ ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት አባላቱን የሚያውቃቸው በሚልኩት መዋጮ እንጂ በሐሳባቸው አይደለም። መዋጮ ከሰበሰቡ በኋላ አባሉን የሚረሱ ማኅበራት እኛም ሠፈር ያሉ ስለሆነ ይህን ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

እንግዲህ ያ ሁሉ የአድራሻ ደብተር፣ ያ ሁሉ የሃያ ዓመት መንገድ በእጃቸው ሳለ ነው የግሪንስቦሮ ተማሪዎች ባንኮኒው ላይ የተቀመጡት።

ቤከር ከድርጅታቸው 800 ዶላር አስፈቀዱና በዚያው በተማሩበት በሻው የተማሪዎች ጉባኤ ጠሩ። ቀኑ የፋሲካ ሰሞን፣ ከኤፕሪል 15 እስከ 17 ቀን 1960 ነበር። የጥሪው ደብዳቤ እሳቸውና ዶክተር ኪንግ የፈረሙበት ነው። በደብዳቤው ላይ ታላላቆች ለምክር እንደሚገኙ፣ ስብሰባው ግን የወጣቶቹ እንደሚሆን ተጽፏል። እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር በብዙ የጥሪ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ለጌጥ ነው። ቤከር ግን የጻፉትን ሊያደርጉት ነው የመጡት።

ከሁለት መቶ በላይ ሰው መጣ። ከሰሜኑ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡት በርከት ያለ መጽሐፍ ያነበቡ፣ ንግግር የሚያውቁ ነበሩ፤ ከደቡቡ የመጡት ደግሞ የታሰሩት፣ የተደበደቡት ናቸው። ቤከር የሁለቱን የውይይት ቡድን ለዩ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ግር ይለዋል። እኔ ግን በስብሰባ ያረጀ ሰው ብልሃት ሆኖ ነው የማየው። አንደበተ ርቱዕ የሆነው እንግዳ መጀመሪያ ከተናገረ፣ ሥራውን የሠራው ልጅ ዝም ብሎ ያጨበጭባል፤ ሲመለስም የሌላ ሰው ውሳኔ ይዞ ይመለሳል። ደቡቦቹ መጀመሪያ ለብቻቸው ተነጋግረው የራሳቸውን ድምፅ እንዲያገኙ አደረጉ።

ዋናው ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የድርጅቱ መሪዎች ተማሪዎቹ የእነሱ የወጣቶች ክንፍ እንዲሆኑ ፈለጉ። በአንድ ክፍል ተሰብስበው እገሌ የዚህን ግዛት ተማሪዎች ድምፅ ያመጣል፣ እገሌ ደግሞ የዚያን እያሉ ሲከፋፈሉ ቤከር አብረው ተቀምጠው ነበር። ሰሙ፤ ከዚያ ተነሥተው ወጡ። ደመወዝ የሚከፍላቸው፣ ለጉባኤው ገንዘብ የሰጠው፣ ደብዳቤውን አብሮ የፈረመው ድርጅት ነው እንግዲህ። ወጥተው ግን ወደ ተማሪዎቹ ሮጠው «ሊበሏችሁ ነው» አላሉም። አዳራሹ ውስጥ የተናገሩት፣ የባንኮኒው ጉዳይ ከአንድ ሳንድዊች የሰፋ መሆኑን፣ የሚፈልጉት ለውጥ መላውን ማኅበራዊ ኑሮ የሚነካ መሆኑን ነው። ለማን እንደሚያድሩ፣ ጨርሶ ለማንም ያድሩ እንደሆነ ራሳቸው እንዲወስኑ ተዉአቸው። ተማሪዎቹም ለማንም አናድርም አሉ። በሙሉ ስሙ የተማሪዎች የሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ፣ በአጭሩ «ስኒክ» የተባለው ማኅበር እንዲህ ተወለደ።

አንድ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ቤከር ራሳቸው ማኅበሩን ሊይዙት አይችሉም ነበር? ይችሉ ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የእሳቸውን ያህል ድርጅት የሚያውቅ አልነበረም። ዋና ጸሐፊ እሆናለሁ ቢሉ የሚቃወማቸው የሚኖር አይመስለኝም። አላሉም። በዚያው ዓመት ኦገስት ከኪንግ ድርጅት ለቀው ወጡና በወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ሌላ ሥራ ያዙ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንጀራቸው ከተማሪዎቹ ማኅበር ስላልነበረ ተማሪዎቹን መለማመጥ አላስፈለጋቸውም፤ እንጀራቸው ከሰባኪዎቹ መምጣቱ ስለቀረም ሰባኪዎቹን መፍራት አላስፈለጋቸውም። መካሪ ደመወዙን ከየት እንደሚያገኝ ሳይጠየቅ ስለ ምክሩ ማውራት ከንቱ ነው። ከስኒክ አማካሪዎች አንዱ የነበሩት የታሪክ ጸሐፊው ሃዋርድ ዚን፣ ደመወዛቸው አትላንታ ከሚገኘው የስፔልማን ኮሌጅ ነበር። የተማሪዎቹን ወገን ይዘው ስለቆዩ በ1963 ተባረሩ።

አማካሪ ሆነው ምን ይሠሩ ነበር ቢባል፣ በዓይን የሚታየው ነገር በጣም ጥቂት ነው። ይቀመጣሉ። የስኒክ ስብሰባ እንደ ጉድ የሚረዝም ነበር፤ በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በመግባባት ለመወሰን ስለሚጥሩ ከምሽት እስከ ንጋት ይሄዳል፤ ክፍሉ በሲጋራ ጢስ ይታፈናል። ሴትዮዋ በልጆቻቸው ዕድሜ ባሉ ሰዎች መሀል ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ሲናገሩም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ጥያቄ ነው። ይህን የምታደርጉት ለምንድነው? እዚያ ያሉት ሰዎች ምን ይላሉ? ዝም ያለችው ልጅስ ምን አሰበች? አንድ ጥያቄ አንድ ሰዓት የፈጀ ክርክርን ከሥሩ ያዞረዋል።

ስለ አጠራሩም አንድ ነገር ልበል። በስኒክ ውስጥ ሁሉም የሚጠራራው በመጀመሪያ ስሙ ነበር፤ ስቶክሊ፣ ዳያን፣ ቦብ። እሳቸውን ግን «ሚስ ቤከር» ነው የሚሏቸው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም ይባላል፤ ሲፈልግ እንዲህ አድርጎ ያገኘዋል ማለት ነው። አንቱ የተባለ ሰው በእኛ አገር ብዙውን ጊዜ ውሳኔውም የእሱ ይሆናል። ሚስ ቤከር አንቱታውን ተቀብለው ውሳኔውን መለሱላቸው።

ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ግን ምክር አይደለም። በ1960 ክረምት ቦብ ሞዝስ የሚባል የሃያ አምስት ዓመት የሒሳብ መምህር በፈቃደኝነት ሊያገለግል ከኒው ዮርክ ወደ አትላንታ መጣ። ስኒክ ያን ጊዜ የነበረው በኪንግ ድርጅት ቢሮ ውስጥ አንዲት ጥግ ነበረች። ሞዝስ ወደ ደቡቡ ጠለቅ ብሎ ሰው ሊፈልግ ሲነሣ ቤከር ምን እንዲያደርግ አልነገሩትም፤ ማንን እንደሚያገኝ ነገሩት። በየከተማው የሚያውቋቸውን ሰዎች ስም ሰጡት። ከስሞቹ አንዱ ኤምዚ ሙር ነበር፤ ሚሲሲፒ ውስጥ ክሊቭላንድ በምትባል ከተማ የሚኖር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ፣ ፖስታ ቤት የሚሠራና የነዳጅ ማደያ ያለው ሰው። ሙር ለወጣቱ ያሳየው ነገር ከምሳ ባንኮኒ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ሕዝባችን የሚፈልገው የመራጭነት ካርድ ነው አለው። በሚሲሲፒ ዕድሜው ለመምረጥ ከደረሰው ጥቁር ሕዝብ ውስጥ በመራጭነት የተመዘገበው በ1964 እንኳን ከመቶ ሰባት አይሞላም ነበር። ስኒክ ሚሲሲፒ የገባው፣ የአሜሪካን ታሪክ የለወጠውንም ሥራ የጀመረው በዚያች የስም ዝርዝር ነው።

በዚያች ዝርዝር የተነሣ ሰውም ሞቷል፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። በሴፕቴምበር 1961 ከሞዝስ ጋር ይሠራ የነበረ ኸርበርት ሊ የሚባል ገበሬ፣ ሊበርቲ በምትባል የሚሲሲፒ ከተማ የግዛቱ ምክር ቤት አባል በሆነ ነጭ ሰው እጅ በጠራራ ፀሐይ ተገደለ። ገዳዩ ራሴን ስከላከል ነው ብሎ በነፃ ተለቀቀ። መካሪ ስም ሲሰጥ፣ በር ሲያሳይ፣ ከበሩ ወዲያ ያለውን አደጋ ያውቃል። ቤከር ያውቁ ነበር። ልጆቹን ከአደጋ እጠብቃለሁ ብለው ስሞቹን ደብቀው ቢያስቀሩስ? የእኔ መምህር ያደረጉት ይህንኑ አልነበረም?

ቤከር ጠንከር ብለው ጣልቃ ከገቡባቸው ጥቂት ጊዜያት ዋነኛው በኦገስት 1961 ነው። ስኒክ ቴነሲ ውስጥ ሃይላንደር በሚባል ማሠልጠኛ ተሰብስቦ ለሁለት ሊሰነጠቅ ደረሰ። አንደኛው ወገን በባንኮኒውና በአውቶቡሱ ላይ የተጀመረው የፊት ለፊት ተቃውሞ ይቀጥል ይላል። ሌላው ወደ መራጭ ምዝገባ እንሂድ ይላል፤ ለዚህ ሥራ የኬኔዲ መንግሥት ገንዘብ እንዲገኝ ይደግፋል። የመጀመሪያዎቹ ይህ ገንዘብ መንግሥት እኛን ከጎዳና ሊያስወጣበት ያዘጋጀው መደለያ ነው ብለው ጠረጠሩ፤ ጥርጣሬያቸውም ከእውነት የራቀ አልነበረም። ቀናት ሙሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ሚስ ቤከር ተናገሩ፤ ሁለት ክንፍ አድርጉ፣ አንዱ ያንን፣ አንዱ ይህንን ይሥራ፣ ማኅበሩ ግን አንድ ይሁን አሉ። ተቀበሏቸው። የተቃውሞው ክንፍ ለዳያን ናሽ፣ የምዝገባው ለቻርልስ ጆንስ ተሰጠ።

ልብ በሉ፤ ማን ትክክል እንደሆነ አልፈረዱም። ሽምግልና የሚያውቅ አገር ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። የጠበቁትም ለአንዱ ሐሳብ ማሸነፍን ሳይሆን ማኅበሩ በማግሥቱ ተመልሶ መሰብሰብ መቻሉን ነው። ብዙም ሳይቆይ ልዩነቱ ራሱ ጠፋ። ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁር ገበሬን ወደ መዝገብ ቤት ይዞ መሄድ ባንኮኒ ላይ ከመቀመጥ የባሰ ዱላና ጥይት እንደሚያመጣ ሁሉም በዓይኑ አየ።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ዘወር እንድል አንባቢ ይፍቀድልኝ። የሻው ጉባኤ በተደረገበት ዓመት ማብቂያ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የእነ ጀኔራል መንግሥቱ ነዋይን መፈንቅለ መንግሥት ደግፈው አደባባይ ወጡ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ደግሞ «መሬት ለአራሹ» ብለው ተሰለፉ። ድፍረት አልጎደላቸውም፤ ብሩህ አእምሮም አልጎደላቸውም። የዚያን ትውልድ ታሪክ ስንጽፍ ስለ ጀግንነቱና ስለ ስሕተቱ ብዙ ብለናል። እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ እነዚያ ልጆች ሚስ ቤከር ነበራቸው ወይ? በአንድ ወገን ቤተ መንግሥቱ፣ በሌላ ወገን የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር አለ፤ ሁለቱም የበላይ ጠባቂ ናቸው። በጎን ተቀምጦ የሚያዳምጥ፣ «በወሎ እገሌን፣ በአሩሲ እገሌን አግኝ» የሚል፣ በትግል ያረጀ ሰው ግን በአካባቢያቸው አይታይም።

ለምን አይታይም? በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ ፋሺስቶች የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ፈጁት። እነዚያ ሰዎች ኖረው ቢሆን በ1953 ዓ.ም. ዕድሜያቸው የኤላ ቤከርን ያህል፣ ወይም ትንሽ ያነሰ ይሆን ነበር። ከመካከላቸው አንዳንዱ ሚኒስትር፣ አንዳንዱ ተቃዋሚ፣ አንዳንዱ ደግሞ ምናልባት በየስብሰባው ጥግ የሚቀመጥ ሽማግሌ ይሆን ነበር። ያ ወንበር ባዶ ሆኖ ቀረ፤ ተማሪዎቹም ምክር የጠየቁት ከመጻሕፍት ነው። መጽሐፍ ደግሞ ብዙ ነገር ይነግራል፤ «እዚያ ያሉት ሰዎች ምን ይላሉ?» ብሎ ግን አይጠይቅም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የማይስማማ ይኖራል፤ ቢጽፍ ደስ ይለኛል።

ወደ ሚስ ቤከር ልመለስ። በ1964 ክረምት ስኒክና ሌሎች ድርጅቶች በመቶ የሚቆጠሩ የሰሜን ተማሪዎችን ወደ ሚሲሲፒ አስገቡ። ገና ከመጀመሩ፣ ጁን 21 ቀን፣ ቼኒ፣ ጉድማንና ሽወርነር የተባሉ ሦስት ወጣቶች ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ኦገስት 4 ቀን ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ጃክሰን ላይ የሚሲሲፒ ነፃነት ዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤውን ሲከፍት ዋናውን ንግግር ያደረጉት ቤከር ነበሩ። የጥቁር እናት ልጅ መገደል የነጭ እናት ልጅ ከመገደሉ እኩል እስኪቆጠር ድረስ አናርፍም የሚል ነበር የንግግራቸው ፍሬ። ከሦስቱ ሟቾች ጥቁሩ ቼኒ ብቻ ነው፤ አገር የተንቀጠቀጠው ግን ስለ ቼኒ እንዳልነበረ ሁሉም ያውቃል።

ያ ፓርቲ ወደ አትላንቲክ ሲቲ፣ ወደ ዴሞክራቶቹ አገር አቀፍ ጉባኤ ሄዶ ነጮች ብቻ በመረጧቸው ልዑካን ፈንታ እኛ እንቀመጥ አለ። የእርሻ ሠራተኛዋ ፋኒ ሉ ሄመር በቴሌቪዥን ፊት ስለደረሰባቸው ድብደባ መሰከሩ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ያቀረቡት መደራደሪያ ሁለት ወንበር ብቻ ነበር። ያን ጊዜ መካሪ እንደ አሸን ፈላ። ሴናተሩ፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪው፣ ጠበቃው፣ ታዋቂዎቹ የጥቁር መሪዎች ሳይቀሩ ተቀበሉ፣ ፖለቲካ እንዲህ ነው እያሉ ጎተጎቱ። ልዑካኑ አብዛኞቹ ገበሬዎችና የሰው ቤት ሠራተኞች ነበሩ፤ ለብቻቸው ተነጋገሩና እምቢ አሉ። የፓርቲውን የዋሽንግተን ቢሮ ያደራጁት ሚስ ቤከር ውሳኔው የልዑካኑ ነው ከሚሉት ወገን ነበሩ። መደራደሪያውን መቀበል ይሻል ነበር የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ በዚህ ላይ አልፈርድም። ነገር ግን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፖለቲካ ውስጥ የገቡ ሰዎች ያን ሁሉ ትልልቅ ሰው አዳምጠው፣ አመስግነው፣ «አይሆንም» ማለታቸው ከሁለት ወንበር ያንሳል ለማለት ይከብደኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ደስ አይልም። ስኒክ ደከመ፤ ሰዎቹ አራት ዓመት ሙሉ በሳምንት አሥር ዶላር እየተከፈላቸው፣ እየታሰሩ፣ ጓደኛ እየቀበሩ ኖረዋል። በ1966 ስቶክሊ ካርማይክል ሊቀ መንበር ሆነ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ነጭ አባላትን የሚያገልል ውሳኔ ተላለፈ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማኅበሩ ከነአካቴው አልነበረም። ቤከር በዚያ ጎዳና ሁሉ አልተስማሙም፤ ግን እንደ ብዙ አንጋፋ አደባባይ ወጥተው አላወገዟቸውም። እንግዲህ መንገዳቸው ማኅበሩን አላዳነውም ማለት ይቻላል። የሚወቅሷቸውም ይህንኑ ይላሉ፤ ጠንካራ መሪ ቢኖር ኖሮ አይፈርስም ነበር ይላሉ። ወቀሳው ቀላል አይደለም። ለመግባባት ሲባል እስከ ንጋት የሚዘልቅ ስብሰባ ለሃምሳ ሰው ይሠራ ይሆናል፤ ለአምስት መቶ ሰው ግን አይሆንም፤ ማኅበሩ ሲያድግ ይህን ችግር ማንም አልፈታውም፣ ሚስ ቤከርም ጭምር። ይሁንና የኪንግ ድርጅትም ጠንካራ መሪው በ1968 ሲገደል የቀድሞ ኃይሉን መልሶ አላገኘም።

ሚስ ቤከር በተወለዱበት ቀን፣ ዲሴምበር 13 ቀን 1986፣ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ኒው ዮርክ ውስጥ ዐረፉ። በ1981 ስለ እሳቸው የተሠራ ዘጋቢ ፊልም አለ፤ ርእሱ «ፉንዲ» ነው። ፉንዲ በስዋሂሊ የእጅ ሙያ ያለው፣ ሙያውንም አጠገቡ ሆኖ ለሚያየው የሚያስተላልፍ ሰው ነው።

ስዋሂሊ ከሚነገርበት አገር የኖረው ደግሞ ያ የሒሳብ መምህር ቦብ ሞዝስ ነው። ከ1969 ጀምሮ በታንዛኒያ ሲያስተምር ቆይቶ በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ተመለሰና በ1982 የድሃ ልጆችን አልጀብራ የሚያስተምር ድርጅት አቋቋመ። በ2021 እስኪሞት ድረስ በዚሁ ሥራ ቆየ። በ1996 ከዚያ ድርጅት የወጡ ተማሪዎች የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ ሒሳቡን ለታናናሾቻቸው የሚያስተምሩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።